«ተይው»

ከስድብ ይልቅ የምፈራት አንዲት ቃል አለች፤ «ተይው»። የሚናገራት ሰው ክፋት የለውም። የሆነ ነገር ይለኛል፣ አልሰማውም። «ምን አልክ?» እለዋለሁ። ይደግመዋል፣ አሁንም ያመልጠኛል። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው እጁን ያወዛውዝና «ተይው፣ ቁም ነገር አይደለም» ይላል። ቁም ነገር አለመሆኑን እኔም አላጣሁትም። ሰዎች ቀኑን ሙሉ ከሚነጋገሩት አብዛኛው ቁም ነገር አይደለም፤ አብሮ መኖር የሚባለው ግን በዚያ የተሠራ ነው።

አሁን 43 ዓመቴ ነው። የመስማት ችሎታዬ እየቀነሰ መሆኑን ያወቅሁት በ31 ዓመቴ ሲሆን፣ ከእኔ ቀድመው ያወቁት ሌሎች ነበሩ። ከኋላዬ ጠርቶኝ ዝም ያልኩት የሥራ ባልደረባዬ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ» ብሎ ወራት ሙሉ ተቀይሞኝ ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነው፤ የእኔው ግን ተረቱን በቀጥታ ተረጎመው።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የ49 ስኩዌር ሩት ስንት እንደሆነ ጠየቅሁ። አራተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ፣ ድምፁ ቀጭን የሆነ ልጅ እጁን አወጣ። «ሰባ» ሲል ሰማሁት። «አይደለም፣ እንደገና አስብበት» አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝና መለሰ፤ ያው «ሰባ»። የሚያሾፍብኝ መሰለኝና ፊቴን አጠቆርኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ደብተሩን ይዞ ከመቀመጫው ተነሣ፣ እስከ ጠረጴዛዬ መጣና ገልጦ አሳየኝ። 7 ብሎ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ስለ ስሕተቱ ሳይሆን ስለ እኔ የተጨነቀ ፊት ነበረው። አልሳቀም። ቢስቅ ይቀለኝ ነበር።

በሳምንቱ ምርመራ ሄድኩ። ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ቀጭን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ተነገረኝ። ሲያልቅ ያሳዩኝ ወረቀት ላይ ቀኝ ጆሮዬ በቀይ ክብ፣ ግራው በሰማያዊ የመስቀል ምልክት ተመዝግቧል። ምልክቶቹ ከ250 እስከ 1000 ሄርዝ ድረስ ደህና ሜዳ ላይ ይሄዱና ከዚያ በኋላ ቁልቁል ይንደረደራሉ። 4000 ሄርዝ ላይ 55 ዴሲቤል ደርሰዋል፤ ቀጭን ድምፅ እስከዚያ ድረስ ካልጎላ አይሰማኝም ማለት ነው። ግራፍ ማንበብ ሥራዬ ስለሆነ ማንም ሳያብራራልኝ ገባኝ፤ ያን ቀን ሙያዬን ጠላሁት።

ምክንያቱን ባለሙያዋ አስረዳችኝ። አናባቢዎች ዝቅ ባለው ድግግሞሽ፣ ማለትም በወፍራሙ ድምፅ ላይ ስለሚገኙና ጉልበት ስላላቸው ይሰሙኛል። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ የመሳሰሉት ግን ቀጫጭንና ደካማ ድምፆች ናቸው፤ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። «ሰባት» ጫፉ ላይ ያለችው ት ስትረግፍ «ሰባ» ይሆናል። ሰው ሲናገር እሰማለሁ፣ የሚለው ግን አይገባኝም። በአማርኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። «ደረሰሽ?» ሲሉኝ «ደረሰ» ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ከእኔ ጋር እየተነጋገሩ መሆናቸውን፣ ሴት መሆኔንም ጭምር የምትነግረኝ ያቺ ትንሽ ሽ ናት፤ እሷን አጣኋት።

በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። በአንድ ጆሮ ወደ 15,000 ገደማ ናቸው፣ የሞተም በሰው ላይ ተመልሶ አይበቅልም። «በምን ፍጥነት ይቀንሳል?» አልኳት። «በየዓመቱ እየመጣሽ እናየዋለን» አለችኝ። በዚህ ሕመም ከባዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ አልቅሰው የሚገላገሉት ሐዘን አይደለም። አንዱን ደረጃ ስለምድ ወደ ሚቀጥለው እወርዳለሁ፤ ባለፈው ዓመት የወፍ ድምፅ፣ ዘንድሮ የበር ደወል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የደበቅሁት በአንገቴ ነው። ያልሰማሁትን ሁሉ እነቀንቃለሁ፣ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። በአንድ የመምህራን ስብሰባ ላይ ሙሉ ሰዓት ስነቀንቅ ቆይቼ ስወጣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ተገኘሁ። ለካ «ፈቃደኛ ነሽ?» ተብዬ ነበር። ኮሚቴውን አንድ ዓመት መራሁት፤ በስብሰባዎቹም ላይ እነቀንቅ ነበር። ማታ ቤቴ ስገባ ራሴን ያመኛል። ቀኑን ሙሉ የጎደሉ ፊደላትን በግምት ስሞላ የዋለ አንጎል እንደ ተሸከመ ሰው ይደክማል።

በዚያ ሰሞን መስማት ስለተሳነው የሙዚቃ ደራሲ፣ ስለ ቤትሆቨን አነበብኩ። ሙዚቃውን ብዙም አላውቀውም፤ የያዘኝ እ.ኤ.አ. በ1802 ለወንድሞቹ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ሰዎችን «ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ ጆሮዬ አይሰማም» ማለት እንዳቃተው፣ ስለዚህም ከሰው እንደራቀ ይናገራል። ሲጽፈው 31 ዓመቱ ነበር። ደብዳቤውን ሳይልከው ኖረ፣ ከወረቀቶቹ መሐል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1827 ከሞተ በኋላ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ! ያንን ሳነብ ለማዘን ጊዜ አላገኘሁም፣ ደነገጥኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች የተለያየ ደረጃ ያለው የመስማት ችግር እንዳለባቸው ገልጿል። እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ አላጽናናኝም። ያጽናናችኝ በሦስተኛው ዓመት ምርመራዬ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ናት። ስሜ ተጠርቶ ኖሮ ሁለታችንም አልሰማንም። አስተናጋጇ መጥታ ትከሻዬን ስትነካኝ ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት፤ እኔም ተከተልኳት። ስንወጣ እንደ እኛ መስማት የከበዳቸው ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ቦታ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ።

ስድስት ሆነን በወር ሁለት ጊዜ እንገናኛለን። ወንበሮቹ በክብ የተደረደሩ ናቸው፣ ብርሃን ከጀርባው ሆኖ ፊቱ የሚጨልም ሰው አይኖርም፤ የሚናገር ሰው መጀመሪያ እጁን ያወጣል። መጀመሪያ ቀን ስገባ ያስለቀሰኝ የተናገሩት ነገር አልነበረም። አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር እያወሩ ሳለ ወለሉ ላይ የሆነ ነገር ወደቀ፤ እሳቸው ዝም ብለው ጠበቁ፣ ሁሉም ፊት ወደ እሳቸው እስኪመለስ። ማንም አልጠየቃቸውም።

«ምን?» ማለትን ያስተዉኝም እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ‹ምን› ካልሽው ሰውየው ያንኑ በጩኸት ይደግምልሻል። የሰማሽውን መልሺለት፣ የጎደለሽን ብቻ ጠይቂው» አሉኝ። ስለዚህ አሁን «ነገ እንገናኝ አልክ፣ ስንት ሰዓት ላይ?» እላለሁ። ሰው የጎደለውን ብቻ መሙላት አይሰለቸውም። ጩኸት ደግሞ ምንም አይጠቅመኝም፤ የከንፈርን ቅርጽ ያበላሻል፣ ሰውየውንም የተቆጣ ያስመስለዋል። ከንፈር ማንበብም ቢሆን እንደሚወራለት አይደለም። በ፣ መ እና ፐ ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ «በራ» እና «መራ»ን የሚለየው ወሬው ስለ መብራት ይሁን ስለ አለቃ ማወቅ ብቻ ነው። ወሬው ሲቀየር የሚነግረኝ ሰው ካለ ግማሹ ችግሬ ተቃለለ።

የመስሚያ መሣሪያ ያደረግሁት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የወረቀት ኮሽታ፣ የቧንቧ ውኃ፣ የራሴ ኮቴ ሳይቀር ጆሮዬን ቆረጠኝ። አውጥቼ ልወረውረው የደረስኩባቸው ቀናት ነበሩ። አንጎል እስኪለምደው ወራት ይፈልጋል። በጸጥታ ቦታ፣ አንድ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው ያሰማኛል፤ ግርግር ውስጥ ግን ግርግሩንም አብሮ ያጎላዋል። መነጽር አይደለም።

ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። «ጆሮዬ ቀጫጭን ድምፆችን አይሰማም፤ መልስ ስትሰጡ በጣታችሁም አሳዩኝ፣ ወይም ሰሌዳ ላይ ጻፉ» አልኩ። አቀባበላቸው ያን ያህል ቀላል ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ባለቤቴ ግን አስቸግሮኛል። በልቡ ሳይሆን በልማዱ። አሥር ዓመት ሙሉ ከሌላ ክፍል ሆኖ የሚጣራ ሰው በአንድ ምሽት አይለወጥም። ተጣልተናል፣ ተኳርፈናል። አሁን መጥቶ በሩ ላይ ይቆምና መብራቱን አንድ ጊዜ አጥፍቶ ያበራል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ከእኔ ጋር የምልክት ቋንቋ እየተማረች ነው፤ በጣም ትበልጠኛለች፣ ጣቶቼንም ታርማለች። አንድ ቀን ሁሉም ድምፅ ቢሄድ የምትለኝን እንዳላጣ ነው የምማረው። ፍርሃቴ አልጠፋም፤ ሌሊት ይመጣል፣ በተለይ ጆሮዬ ውስጥ ጭው የሚለው ነገር ሲበረታ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ዘንድ ነበርኩ። 74 ዓመቷ ነው፣ እሷም በእርጅና መስማት እየከበዳት መጥቷል። ሬዲዮ ተከፍቷል። ስለ አንድ ተማሪዬ የሚያስቅ ነገር ነገርኳት። «ምን አልሽ?» አለች። ደገምኩት። «እ?» አለች። እኔም፣ ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ፣ «ተይው እማዬ፣ ምንም አይደለም» አልኩ።

«እሺ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያንን «እሺ» አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው።

ተነሥቼ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ወንበሬን ጎትቼ ፊት ለፊቷ፣ ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ድረስ ተጠጋሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። ቀልድ ሲደገም ይሞታል፤ ሆኖም ቀጠልኩ። እናቴ መሐል ላይ፣ ሳቅ የማይገባበት ቦታ ላይ ከት ብላ ሳቀች።

«የቱ ጋ አመለጠሽ?» አልኳት።