ከጉልበት የማይወርድ ቦርሳ

ሚኒባስ ላይ ትልቅ ቦርሳ ይዞ የሚሳፈር ሰው ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ያስርለታል፣ ወይ የኋላ ወንበር ሥር ከጆንያና ከጀሪካን ጋር ይወትፍለታል። ለልብስ ምንም አይደል። ለካሜራ ግን ላይኛው አቧራና ንዝረት፣ ታችኛው የሰው ጫማ ነው። ስለዚህ ከሐዋሳ ለሦስት ለአራት ቀን ስወጣም ሆነ ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ስወርድ፣ ለቦርሳዬ ያወጣሁለት ፈተና አንድ ብቻ ነው፦ ከቤት እስከ ጀልባ ድረስ ከጉልበቴ መውረድ የለበትም። በቁጥር ሲነገር 20 ሊትር የሚይዝ፣ ውኃ ሳይጨመር 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቦርሳ ነው። በአውሮፕላን ለሚሄድም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል በእጅ እንዲያዝ ከሚፈቅደው 7 ኪሎ በእጅጉ ስለሚያንስ ሚዛኑ ላይ ክርክር የለም።

አብዛኛው ሰው ካሜራውን አስቀድሞ ያስገባና የቀረውን በየክፍተቱ ይሰገስጋል። እኔ የምጀምረው ከቻርጀሩ ነው። የምይዘው ካኖን 200ዲ ካሜራ ባትሪውንና ሚሞሪውን ጨምሮ 453 ግራም ይመዝናል። የስልክ ቻርጀር፣ የካሜራ ቻርጀር ከነገመዱ፣ የላፕቶፕ ቻርጀር፣ 20,000 ሚሊአምፒር ፓወር ባንክና ባለ አራት ቀዳዳ ኤክስቴንሽን ባንድ ላይ ሲመዘኑ ግን ኪሎ ያልፋሉ። «ካሜራ ይከብዳል» ተብሎ ካሜራው ቤት ይቀራል፤ ያ ሁሉ ገመድ ግን ተጭኖ ይሄዳል።

200ዲ በዩኤስቢ ቻርጅ አያደርግም። መንገድ ላይ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው። ኤልፒ-ኢ17 የሚባለው ባትሪው ወጥቶ በራሱ ቻርጀር መሞላት አለበት፣ ቻርጀሩ ደግሞ የግድግዳ ሶኬት ይፈልጋል። እኔ ያንን ቤት ትቼ በዩኤስቢ የሚሠራ ቀላል የባትሪ መሙያ እይዛለሁ፤ 50 ግራም አካባቢ ነው፣ ከፓወር ባንክም ይሞላል። ባትሪው ውስጡ ቺፕ አለው። ካኖን ካልሠራቸው ተለዋጭ ባትሪዎች አንዳንዶቹ በካኖን ቻርጀር አይሞሉም፣ ካሜራው ላይም የቀረውን መጠን አያሳዩም፤ አብሯቸው በሚሸጠው መሙያ ግን ይሠራሉ። ስለዚህ ርካሹን ስትገዙ መሙያውን አብራችሁ ግዙ፣ ከሱቁ ሳትወጡም ካሜራው ውስጥ ከትታችሁ ሞክሩት። ኦሪጅናሉ በካኖን መግለጫ መሠረት 650 ያህል ፎቶ ያነሳል። ስክሪኑን እያዩ ካነሱ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። በዓይን መመልከቻው ማንሳት የለመደ ሰው ሦስተኛ ባትሪ መግዛት አያስፈልገውም።

ግድግዳ ላይ የሚሰካው አንድ ቻርጀር ብቻ ነው፤ አንድ ታይፕ ሲ፣ አንድ የድሮው ዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው፣ ከ30 እስከ 45 ዋት። ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ እፈልጋለሁ። ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድና መብራቱ ሲደክም፣ ለ220 ብቻ የተሠራው ቻርጀር ስልኩን እያቆራረጠ ያድራል። እግሩንም አያለሁ። ብዙ ቻርጀሮች ቀጭን የ4 ሚሊሜትር እግር ነው ያላቸው፤ የፔንሲዮን ሶኬት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ4.8 ሚሊሜትር የተሠራ ነው፣ እንግዳ ሲሰካና ሲነቅል ከርሞ ይሰፋል። ቀጭኑ እግር እዚያ ውስጥ ይወዛወዛል፣ አንዳንዴም ፍንጣሪ ያወጣል፣ ክብደቱ ሲጎትተው ሌሊት ወድቆ ያድራል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስልኩ 11 በመቶ ሲያሳይ ሰበቡ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ከዱባይ የሚመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ቻርጀር የባሰ ነው፤ አዳፕተር ሲጨመርበት ከግድግዳው ርቆ ስለሚንጠለጠል የመውደቁ ነገር የማይቀር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ቻርጀሩን ነቅዬ ጥቂት ደቂቃ እታገሣለሁ፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ጨለማው ሳይሆን መብራቱ ሲመለስ የሚዘለው ቮልቴጅ ነው።

ፓወር ባንክ 10,000 ይበቃል። ስሌቱ ቀላል ነው። ውስጡ ያለው የባትሪ ሴል 3.7 ቮልት ስለሆነ 10,000 ሚሊአምፒር 37 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነው ተቀንሶ 30 ገደማ ይተርፋል። 5,000 ሚሊአምፒር ባትሪ ያለው ስልክ 19፣ የካሜራው ባትሪ 7.5 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል። ድምሩ 26.5 ነው፣ የቀረው በሙቀት ይሄዳል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ባይኖር ስልኩም ካሜራውም ሞልተው ያድራሉ። «10,000 ተብሎ ስልኬን ሁለቴ እንኳ አልሞላም» የሚለው ሰው ሁልጊዜ አልተታለለም፤ የሚባክነውን ሳይቀንስ ነው የጠበቀው።

የተጭበረበረውን ግን ሚዛን ያጋልጠዋል። 18650 የሚባለው ክብ ሴል ቢበዛ 3,500 ሚሊአምፒር ገደማ ይይዛል፣ ክብደቱም ከ50 ግራም እምብዛም አይርቅም። 20,000 ለመሙላት ስድስት ሴል ያስፈልጋል፤ ቅርፊቱና ሰርኪዩቱ ሳይቆጠር 290 ግራም ማለት ነው። ጠፍጣፋው ሴልም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይቀልም። 20,000 ወይም ጭራሽ 50,000 ተጽፎበት 200 ግራም የሚመዝን ባንክ ካጋጠማችሁ ቁጥሩ ውሸት ነው። ቡና የሚመዝን ሱቅ የትም ስለማይጠፋ ከመክፈላችሁ በፊት አስመዝኑት። ለበረራ ከሆነ ባንኩ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው የሚገባው፤ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፣ ይኸውም 27,000 ሚሊአምፒር አካባቢ ነው። ጽሑፉ ተፍቆ ከጠፋ ግን ፈታሹ መጠኑን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ሊያስቀረው ይችላል። ጽሑፉ ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፉበት።

ወደ ካሜራው ስንመጣ፣ ቅርብ ላለ ነገር ስልክ ይበቃል። አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጠብቅ ሁለት ሦስት እርምጃ ድረስ ያስጠጋል፤ እዚያ በ250 ሚሊሜትር ሌንስ ብታነሱት ዓይኑ ብቻ ነው የሚገባው። ስልክ የሚሸነፈው ሩቅ ባለ ነገር ነው፦ ዛፍ ጫፍ ላይ ያለ ዓሣ አዳኝ ንስር፣ በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ጆሮውን ብቻ ብቅ ያደረገ ጉማሬ። አብዛኛው ስልክ ላይ በጣት የሚሳበው ዙም ምስሉን ከመቁረጥ ያለፈ ሥራ የለውም። ስለዚህ ከካሜራው ጋር የሚመጣውን 18-55 ሌንስ ቤት እተወዋለሁ፤ እሱ የሚያነሳውን ስልኩም ያነሳዋልና። የምይዘው ሩቁን የሚያቀርበውን 55-250 ኤስቲኤም ሌንስ ነው፤ 375 ግራም ሲሆን የዚህ ካሜራ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ ጫፉ በትልቅ ሴንሰር ላይ እንዳለ 400 ሚሊሜትር ሌንስ ያያል። ለማታና ለቤት ውስጥ 125 ግራም የሆነውን 24 ሚሊሜትር እጨምራለሁ፤ እስከ ኤፍ 2.8 ስለሚከፍት (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ይሰፋል) ፍላሽ ብዙም አያስፈልገውም። ድሮን አልይዝም። ፈቃዱ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው።

ሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት። ይህን ያወቀ ሰው ሰዓቱን በከንቱ አያባክንም። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ስለምትወጣ ዓሣ አስጋሪዎቹም ወፎቹም ፊት ለፊት ይበራሉ፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ብርሃን ምርጡ ነው። ማታ ደግሞ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስለምትጠልቅ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆሞ የሚነሳ ሰው ፊቱ ይጠቁራል። ያኔ ብርሃን ማካካሻውን (ፎቶው እንዲበራ ወይም እንዲጨልም የሚያደርገውን የካሜራ ማስተካከያ) ወደ +2/3 ወይም +1 መግፋት ነው፤ ሰማዩ ነጣ ቢል ፊቱ ይተርፋል። ነጭ ወፍ ጥቁር ውኃ ላይ ሲሆን የተገላቢጦሹ፣ -2/3። ካሜራው ጥቁሩን ውኃ ሊያበራ ሲሞክር የወፏን ላባ እንደ ወረቀት ያነጣዋል፤ አንዴ የነጣ ላባ ደግሞ በኤዲቲንግ አይመለስም።

ለሚበር ወፍ ዝቅተኛው የመዝጊያ ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ነው፣ 1/1600 ይሻላል። ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ ሆኖ ጣሪያው 3200። ሌንሱ ላይ ያለው ማረጋጊያ የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የጀልባን መወዛወዝ አያድንም፤ ስለዚህ ጀልባ ላይ ቆሞ ላለ ወፍም ቢሆን ከ1/500 አልወርድም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ ስለሚበረታ ጀልባን በጠዋት መያዝ ነው። ሞተሩ እየሠራ ክንዳችሁን ወይም ሌንሱን የጀልባው ጠርዝ ላይ አታስደግፉ፤ ንዝረቱ በቀጥታ ይገባና ምስሉ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይደበዝዛል። ነጂውን «ወንድሜ፣ አንዴ አጥፋልን» ማለት ከውድ ሌንስ የበለጠ ጥራት ይሰጣል። ሰው ከማንሳት በፊት «ጋሼ፣ ላንሳዎት?» ብሎ መጠየቅም ያው ነው፤ ፈቅደው ከሆነ ፊታቸውን አይሰውሩም።

ከውኃ በላይ የሚያስቸግረው አቧራ ነው። ሌንስ ስቀይር ካሜራውን አጥፍቼ፣ አፉን ወደ መሬት ደፍቼ፣ ጀርባዬን ለነፋስ ሰጥቼ ነው። ኤፍ 16 ላይ ሰማይ አንስታችሁ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይረጫል፤ በጎማ መንፊያ ነው የሚነፋው። ሌንስን በነጠላ ጫፍ መጥረግ የተለመደ ነው፣ ነጠላው ለስላሳ ስለሆነ ጉዳት የለውም ይባላል። ጨርቁስ ለስላሳ ነው፤ የሚቧጭረው መስተዋቱ ላይ የተቀመጠው አሸዋ ነው። መጀመሪያ ይነፋ፣ ከዚያ ይጠረግ። ለዝናብ ደግሞ ላስቲኩ ከቦርሳው ውጭ ሳይሆን ውስጥ ይሁን፤ ውኃ የሚገባው በማንገቻው ስፌት በኩል ስለሆነ የውጭ ሽፋን አይደርስበትም። አንድ ወፍራም ላስቲክ ቦርሳው ውስጥ ዘርግቶ ሁሉንም እዚያ ውስጥ ማድረግና አፉን መጠቅለል ይበቃል። ሙዝና ዳቦ የውጭ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። የሐይቁ ዳር ጦጣዎች ዚፕ ይከፍታሉ፣ ካልተከፈተላቸውም ኪሱን ይቀዱታል።

ላፕቶፕ ስለማልይዝ ቅጂውን በስልክ ነው የምሠራው። ታይፕ ሲ የሆነ ካርድ ሪደር ጥቂት ግራም ነው፤ የካሜራው ዋይፋይ ግን ለአንድ ሁለት ፎቶ እንጂ ለቀኑ ሙሉ ሥራ ይዘገያል። 24 ሜጋፒክስል ፎቶ በሮው (ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ወደ 30 ሜጋባይት ስለሚጠጋ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ 2,000 ገደማ ይይዛል። ከአንድ ትልቅ ሚሞሪ ሁለት መካከለኛ እመርጣለሁ፣ ካሜራው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነውና አንዱ ቢበላሽ ግማሹ ይተርፋል። አዲስ ሚሞሪ ስገዛ ከጉዞ በፊት በቪዲዮ ጢም አድርጌ እሞላውና የመጨረሻውን ፋይል ከፍቼ አያለሁ፤ 64 ተብሎ 8 የሆነው ሚሞሪ ሲሞላ አይናገርም፣ ዝም ብሎ የድሮውን ያጠፋል። በቴሌግራም ፎቶ ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ በተራው መንገድ ከተላከ ይጨመቅና ለኅትመት አይሆንም።

ልብሱ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ከለበስኩት ሌላ አንድ ሱሪ፣ ሁለት ከናቴራ፣ ሦስት የውስጥ ልብስ፣ ሁለት ካልሲ፣ ቀጭን የዝናብ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ። ከናቴራው ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ በክረምት ሐዋሳ ውስጥ ማታ ታጥቦ ጠዋት አይደርቅም። ታጥቦ ከተጨመቀ በኋላ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ ዳግመኛ ማጣመም ግማሹን ውኃ ያወጣል። ጋቢን በተመለከተ ከእናቶች ጋር መከራከር ከባድ ነው፣ ግን አራት ድርብ ስለሆነ ብቻውን የቦርሳውን ሲሶ ይበላል፣ ከረጠበም ቀን ሙሉ አይደርቅም። ሁለት ድርብ የሆነው ኩታ ይሞቃል፣ ያንሳል፣ ሚኒባስ ውስጥ የካሜራ መጠቅለያም ይሆናል።

ትራይፖድ የለኝም፣ ቢያንስ ቦርሳው ውስጥ። በምትኩ ጠንካራ ጨርቅ ተሰፍቶ ዚፕ የገባለት ባዶ ከረጢት እይዛለሁ፤ የእጅ መዳፍ ሁለት እጥፍ የሚያህል። የደረስኩበት ቦታ ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ገዝቼ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ እሞላዋለሁ። ጢም ካለ ይደድራል፣ ሌንሱም ይንሸራተታል፤ ጎደል ካለ ግን ሌንሱ ሲቀመጥበት ይሰምጥና ተቆንጥጦ ይያዛል። በአጥር ላይ፣ በድንጋይ ላይ፣ በሚኒባስ መስኮት ላይ፣ ሞተሩ ከጠፋ በጀልባው ጠርዝም ላይ ይሆናል። ጤፍ በስፌቱ ይፈሳል፣ ሩዝ ሲደቅ ዱቄቱ ካሜራው ላይ ይነሳል፤ ሽምብራና በቆሎ ንጹሕ ናቸው። ከረጠበ ግን በማግሥቱ ስለሚሸት ከረጢቱ ተገልብጦ መድረቅ አለበት። ወደ ቤት ሲመለሱ ክብደቱን መልሶ መሸከም የለም፤ ደረቅ ከሆነ ያረፉበት ቤት ተቆልቶ ከቡና ጋር ይቀርባል።