ለትልቅ ሆቴል ዓሣ በዱቤ ከማስረከባችሁ በፊት

ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ነግዶ ማትረፍ ይቻላል። እኔ አትርፌበታለሁ፣ ልጆችም እያስተማርኩበት ነው። ግን ለትልቅ ሆቴል በዱቤ ማስረከብ ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የአንድ ሁዳዴ ሙሉ ገንዘቤ ሰው እጅ አይቀርም ነበር። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ሌላውን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ሐይቁ ዳር ዓሣ በመበለት ነው፣ ተማሪ እያለሁ። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊት እንፍቃለን፣ ሆዱን እናጸዳለን፣ ፊሌቶ፣ ማለትም አጥንት የሌለውን ንጹሕ ሥጋ፣ እናወጣለን። የሚከፈለን በሙሉ ዓሣው ሳይሆን በወጣው ፊሌቶ ኪሎ ነበር። ያኔ በጣም ያናድደኝ ነበር። በኋላ ግን የጠቀመኝን ያህል የጠቀመኝ ሥልጠና የለም፤ 1 ኪሎ የቀረሶ ፊሌቶ ለማውጣት 3 ኪሎ ገደማ ሙሉ ዓሣ እንደሚያስፈልግ በገዛ እጄ ነው ያወቅኩት። አሁን ወደዚህ ንግድ ከሚገቡት ልጆች ብዙዎቹ ዋጋ የሚተምኑት ከጀልባ በገዙበት ኪሎ ነው። ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና ቆዳው ሲወጣ ትርፋቸው አብሮ ይወጣል።

ቀጥሎ አንድ ዓሣ ቤት ካሸር ሆንኩ። ባለቤቷን እትዬ ነበር የምንላቸው። እትዬ ጠዋት ጠዋት ለአስጋሪዎቹ ጥሬ ብር ነበር የሚከፍሉት፣ አንድም ቀን "ነገ" ሲሉ አልሰማሁም። ስለዚህ ዓሣ በጠፋበት ቀን እንኳ የእሳቸው ቤት ዓሣ አያጣም። የገበያውን ቀን መቁጠሪያም የተማርኩት እዚያ ካሸር ወንበር ላይ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው። ገበያው ግን የታወቀ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ይሞቃል፣ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ይፈላል፣ በፋሲካ ማግስት ደግሞ ሁሉም ወደ ሥጋው ይዞርና ዓሣ ዞሮ የሚያየው ያጣል። ይህን ሦስተኛውን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የራሴን ስጀምር ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ማውጣቱ ያን ያህል አላስቸገረኝም። መነሻ ገንዘቤ ዕቁብ ነበር። ሥልጠና ላይ የነገሩን ሌላ ነው፤ "ተደራጁ፣ ብድር ውሰዱ፣ የገበያ ትስስር ፍጠሩ" ነበር የሚሉን። እኔ በዚህ አልስማማም። ከማታውቁት ሰው ጋር ተደራጅታችሁ በአንድ ብድር ከመታሰር በዕቁብ ገንዘብ አንድ ያገለገለ ዲፕ ፍሪዝ ገዝቶ ብቻን መጀመር ይሻላል። ዕድገቱ ቀስ ይላል፣ ግን ሌሊት እንቅልፍ አለ።

"የገበያ ትስስር" የሚሉት ነገር ነው እንግዲህ ጉድ ያመጣብኝ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል የግዥ ኃላፊ በሰው በሰው ስልኬን አግኝቶ ደወለ። የቀረሶ ፊሌቶ በየሳምንቱ ይፈልጋሉ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሐል ላይ ደግሞ የአባይ በረሃ አለ። ንጋት ላይ የወጣ መኪና ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚሻገረው ሙቀቱ በሚበረታበት ሰዓት ነው፣ በረዶ የሳሳበት ሰው ዓሣውን እዚያው ይጥላል። እኔ ግን በረዶ ላይ ስስት አላውቅም። ዓሣዬ አንድም ጊዜ ተበላሽቶ አልገባም።

መጀመሪያ በጥሬ ብር ከፈሉ። ደግመው ከፈሉ። ቀጥሎ "በ15 ቀን እናድርገው" አሉ። ከዚያ ወር ሆነ። "እህታችን፣ የድርጅቱ አሠራር ነው፣ ሁሉም አቅራቢ እንዲህ ነው የሚሠራው" አለኝ ሰውዬው፣ ድምፁ ማር ነው። ሁዳዴ ሲገባ ትዕዛዙን እጥፍ አደረጉት። እኔም በሙሉ ልቤ ላኩ። ለአስጋሪዎቹ ከኪሴ ከፈልኩ፣ ኪሴ ሲያልቅ ደግሞ እነሱ በእምነት ሰጡኝ።

ከፋሲካ በኋላ ስልክ ማንሳት ቀረ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው፤ በጾሙ ጊዜ እነሱ እኔን ይፈልጉኝ ነበር፣ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ግን አንዲት ኪሎ ዓሣ አይፈልጉም። ዓሣ የማይፈልግ ሰው የዓሣ ዕዳ ለመክፈል ምን ያስቸኩለዋል?

ሄድኩ። የግዥ ኃላፊው ወደ ፋይናንስ መራኝ። ፋይናንስ "ፈራሚው ጉዞ ላይ ናቸው" አለ። ፈራሚው ሲመለሱ የመረከቢያ ሰነዶቼ ላይ ፊርማ እንጂ ማኅተም የለም ተባለ። ማኅተም መምታት የነበረበት የራሳቸው ንብረት ክፍል ነው! ያ ሲያልቅ ሚዛን ጎደለ ተባለ። በረዶው ከቀለጠ፣ ፊሌቶው ውኃውን ካንጠባጠበ በኋላ እኔ ሳልኖር መዝነው የጎደለውን ከሂሳቤ ላይ ሊቀንሱ ነው። በዚያ ላይ 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ገዢው ከሻጩ ክፍያ ላይ ቀድሞ የሚቀንሰውን ግብር፣ ቆርጠዋል። መቁረጣቸው ሕግ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከ10 ሺህ ብር በላይ በሆነ የዕቃ ግዥ ላይ 2 በመቶ ይቆረጥ ነበር፣ ሻጩ ቲን ከሌለው ደግሞ 30 በመቶ። ግን የቆረጡበትን ደረሰኝ አልሰጡኝም። ያ ደረሰኝ ከሌለ የተቆረጠውን ብር ከዓመቱ ግብሬ ላይ ማቀናነስ አልችልም፣ አንዱን ግብር ሁለት ጊዜ ልከፍል ነው ማለት ነው። ደረሰኙን ስጠይቅ የሂሳብ ሹሙ ፊቱን ከኮምፒውተሩ ላይ እንኳ አላነሳም። ያ ፊት እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

በመጨረሻ ቼክ ሰጡኝ። ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ። "እስከዚያ እንዳታስገቢው" አሉ። ቀኑ ደርሶ ባንክ ስወስደው ሂሳቡ ውስጥ በቂ ስንቅ፣ ማለትም ቼኩን የሚሸፍን ገንዘብ፣ የለም።

ይህን ሁሉም ነጋዴ ማወቅ አለበት። ቼክ የብድር ወረቀት አይደለም፣ ሲቀርብ የሚከፈል ሰነድ ነው። ስንቅ እንደሌለው እያወቁ ቼክ ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ወንጀል ነው። ባንኩ ስንቅ የለም ሲላችሁ በቃል ሰምታችሁ እንዳትወጡ፣ በጽሑፍ አስሰጡና ቼኩን ከነወረቀቱ ያዙ። እኔ ይዤ ነበር። ሆኖም ክስ ላቀርብ የሄድኩበት ቢሮ የተቀመጠው መርማሪ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ "ይሄ የንግድ ጉዳይ ነው፣ በሽምግልና ብትጨርሱት አይሻልም?" አለኝ። ሽምግልናን አከብራለሁ፣ ያደግኩበት ነው። ግን ሕጉ ወንጀል ያለውን ነገር ሽማግሌ ፈልጊለት መባሌን አልተቀበልኩትም። ጠበቃ ያዝኩ። ጠበቃው አንቀጹን ጠቅሶ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለሆቴሉ ሲያደርስ ነው ገንዘቡ በቁርጥራጭ መምጣት የጀመረው። የመጨረሻው ቁራጭ እስከ ዛሬ አልመጣም።

በዚህ መሐል ባሕር ዳር ያሉት አስጋሪዎች ይጠብቁኛል። እነሱን ፊት ለፊት ማየት ነበር ከሁሉም የከበደኝ። ሐይቁን በወረረው የእንቦጭ አረም የተነሳ ድሮ ቅርብ ይጥሉት የነበረውን መረብ ራቅ ብለው መጣል የግድ ሆኖባቸዋል፣ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ጨምሯል። አንዱ አዛውንት ቤቴ ድረስ መጥተው "ልጄ፣ ዕዳውን ተይው፣ የቤንዚኑን ብቻ ስጪኝና ነገ ሐይቅ ልውረድ" አሉኝ። በማግስቱ አንዱን ዲፕ ፍሪዝ ሸጥኩና ከፈልኳቸው። ሌሎቹንም ቀስ በቀስ ጨረስኩ። ዛሬም ዓሣ በሌለበት ቀን ከእኔ የማይቀር ዓሣ አለ፤ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ በዚህ እኮራለሁ።

አሁን ዓሣ የምልከው ለትንንሽ ምግብ ቤቶች ነው። አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ያቆሙኛል። "ትልቅ ደንበኛ ያዙ" የሚላችሁን አሠልጣኝ አትስሙ፣ ቢያንስ ያንን ደንበኛ አጥታችሁ መቆም እስክትችሉ ድረስ። ግማሹን ቀብድ ሳልቀበል አልጭንም። ቀሪው መኪናው አባይን ሳይሻገር ባንክ ሂሳቤ ውስጥ መግባት አለበት። ሚዛኑ የሚያዘው ባሕር ዳር ነው፣ በረዶ ከመነስነሱ በፊት፣ ፎቶ ተነስቶ ለገዢው ይላካል። ዊዝሆልዲንግ የሚቆርጥ ገዢ ደረሰኙን በዚያው ቀን ካልላከ የሚቀጥለው ጭነት ይቆያል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ከገንዘብ ጋር ባይገናኝም። በክረምት ነጭ ዓሣ በርካሽ ይመጣላችኋል። ከሐምሌ ጀምሮ እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ ወንዞቹ አፍ ላይ ጠብቀው የሚያጠምዱት ነው። ከነጭ ዓሣው ውስጥ ከጣና በቀር የትም የሌሉ ዝርያዎች አሉ። እኔ በዚያ ወቅት ነጭ ዓሣ አልገዛም፣ አምባዛና ቀረሶ ይበቃኛል። ሌሎቻችሁም ባትገዙ ደስ ይለኛል፣ ገዢ ሲጠፋ አጥማጁም ይተዋል።

ያ ሆቴል ሁዳዴ ሊገባ ሲል እንደገና ደወለ፣ አዲስ የግዥ ኃላፊ ነው። ቀሪ ዕዳ እንዳለባቸው ነገርኩት፣ አላውቅም አለ። ዕዳው ይከፈልና ግማሹ በቀብድ ይላክ አልኩት። "አሠራራችን አይፈቅድም" አለኝ። የዚያን ሳምንት ዓሣ ለምግብ ቤቶቹ አከፋፍዬ ጨረስኩ።