ዘይቱ ከየት ፈሰሰ?

አውሮፕላኑ በአንድ ሞተር አርፎ ሃንጋር ሳይገባ ጥፋተኛው ተለይቶ ነበር። አብራሪዎቹ የዘይት ግፊት ስለወረደባቸው አንዱን ሞተር አየር ላይ አጥፍተውታል። ባለፈው ሌሊት የዚያን ሞተር ቺፕ ዲቴክተር ፈትቶ የመለሰው ደግሞ አንድ ወጣት ቴክኒሻን ነው። ዲቴክተሩ በዘይቱ ውስጥ የሚዞር የብረት ብናኝ የሚይዝ ማግኔት ሲሆን፣ ዘይት እንዳያሾልክ ኦ-ሪንግ የሚባል የጎማ ቀለበት ይገባለታል።

ግምቱን ያከበደው እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከማያሚ ወደ ናሳው ይበር የነበረ የኢስተርን አየር መንገድ ሎክሂድ ኤል-1011 በሦስቱም ሞተሮቹ ዘይት አጥቷል፤ ቺፕ ዲቴክተሮቹ ያለ ኦ-ሪንግ ስለተገጠሙ። በሙያችን ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሁሉም «ያው ነው» አለ። ልጁ «አስገብቻለሁ» ብሎ ቢምልም ስሙ በሪፖርቱ ረቂቅ ላይ ሰፈረ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ካውሊንጉ፣ ማለትም የሞተሩ የውጭ ሽፋን፣ ተከፈተ። ዲቴክተሩ ዙሪያው በዘይት ርሷል። አንዱ ሊያጸዳ ጨርቅ ሲያነሳ ዋና ኢንስፔክተራችን «እንዳትነካ!» አሉት። ከማንም በላይ የማከብራቸው ለዚህ ነው፤ ያ ጨርቅ ማስረጃውን ሁሉ ይዞ ይሄድ ነበር። ፎቶ አስነሱ። ከዚያ ወረቀት ሰጥተው «በግራ ያያችሁትን፣ በቀኝ የጠረጠራችሁትን ጻፉ» አሉን። ቀኙ ሞላ፤ ግራው ላይ «እርጥብ ነው» ከሚለው በቀር ብዙም አልተጻፈም።

«የት የት ነው እርጥቡ?» ብለው ጠየቁ። ያኔ ነው በደንብ ያየነው። ከዲቴክተሩ በላይም ከፊቱም ርሷል። በካውሊንጉ ውስጥ የሚያልፈው አየር የፈሰሰ ዘይትን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ሽቅብና ወደ ፊት አይሄድም። ዲቴክተሩ ሲወጣ ኦ-ሪንጉ ደህና ሆኖ በቦታው ተገኘ። ዱካውን ወደ ፊት ስንከተል ቀጭን የዘይት ቱቦ ላይ ደረስን። ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ማቀፊያ ላልቶ፣ ቱቦው ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ መገጣጠሚያው ሥር ተሰንጥቋል። ብረት እንዲህ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የኳንታስ አየር መንገድ ኤ380 አውሮፕላን ሞተር የፈነዳውም በዘይት ቱቦ ስንጥቅ ነው፤ እዚያ ግን መነሻው ቱቦው ሲሠራ የተፈጠረ ጉድለት ነበር።

የልጁ ስም ከረቂቁ ወጣ። ኢንስፔክተሩ የሌሎቹ ሞተሮች ማቀፊያ በሙሉ እንዲፈተሽ አዘዙ፤ በአንደኛው ላይ ሌላ የላላ ማቀፊያ ተገኘ።