የክዳኑ ቁጥር

በላቦራቶሪያችን ኃላፊውን «ዶክተር» ብሎ የሚጠራ የለም፤ ሁላችንም «የኔታ» ነው የምንላቸው። ወደ ሳይንሱ የመጡት ከዋሸራ ቅኔ ቤት ስለሆነ ስህተት የሚያርሙትም እንደ ቅኔ መምህር ነው፤ አይቆጡም፣ አንዲቷን የተበላሸች ቃል ይዘው ይቆማሉ።

ነገሩ የተጀመረው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወስደው ቁልቁለት፣ በአንድ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ ነው። የሌሊት ወፍ ኩስ ብናኝ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን አፈር በማንኪያ እየዛቅን ስንቋጥር፣ መንገድ ያሳዩን አርሶ አደር «ለዚህች አፈር ነው ከማርቆስ ድረስ የመጣችሁት?» ብለው ሳቁብን።

ስንመለስ አንድ ግራሙን አፈር በዘጠኝ ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጠበጥን፤ ያንኑ አሥር አሥር እጥፍ እያቀጠንን ምግብ ባለበት ሳህን ላይ አፈሰስን። ምግቡን ለጎጃም ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ድንች ነው። 200 ግራም ድንች ተቀቅሎ ውኃው ይጠለላል፣ 20 ግራም ግሉኮስና የሚያረጋው አጋር ይጨመርበትና አንድ ሊትር ይሞላል። ባክቴሪያ እንዳይሻማ ደግሞ ክሎራምፌኒኮል ይገባበታል። ከበቀሉት ሻጋታዎች መካከል 14 እና 17 ቁጥር እንደ ባዘቶ ነጭ፣ ዕድገታቸውም አዝጋሚ ነበር። መንታ ይመስሉ ነበር ብል አላጋነንኩም።

የ14ን ሠላሳ ስፖሮች (ሻጋታ የሚራባባቸውን እንደ ዘር ያሉ ደቃቅ ብናኞች) በማይክሮስኮፕ ለካሁ፤ ሁሉም ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ናቸው። በዚያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሳህኖቹን ቁልል በክርኔ ነካሁት። አንድም አልተሰበረም፤ የሁለቱ ክዳን ግን ወልቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ቁጥሩን የጻፍኩት ክዳኑ ላይ ነበር። ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ሰው የለም። በግምት ከደንኳቸው፤ ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ የቀሩትን ሃያ ለካሁ፤ ከ4 እስከ 5 ሆኑ። «አድገው ይሆናል» አልኩ ለራሴ፤ ስለ 14 በማዘጋጀው መግለጫ ላይም «ከ2 እስከ 5» ብዬ ጻፍኩ። ሳህን መጣል ማንም ላይ ይደርሳል፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህች «እስከ» ናት።

ባልደረባዬ ከ14 ሳህን ዲኤንኤ አወጣ። በፈረንጆች ከ2012 ጀምሮ ለፈንገስ መለያ ተብሎ በሚታወቀው የዲኤንኤ ክፍል፣ በአይቲኤስ፣ ሲነጻጸር የቅርብ ዘመዱ እንኳ 91 በመቶ ብቻ ተመሳሰለ። አዲስ ዝርያ! ቡና ተፈላ። የኔታ የስም መመዝገቢያ ቁጥር አወጡ፤ በፈረንጆች ከ2013 ወዲህ ያለዚያ ቁጥር የፈንገስ ስም አይጸድቅም። እስከ 2011 መጨረሻ ደግሞ መግለጫው የግድ በላቲን መጻፍ ነበረበት፤ ይህ በመቅረቱ ያዘኑ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ብቻ ይመስሉኛል።

ከመላኩ በፊት ግን ጽሑፉን ትተው ማስታወሻ ደብተሬን ጠየቁ። ጣታቸውን በቁጥሮቹ ላይ ቁልቁል እየነዱ ወርደው ሲያበቁ «አንቺ ልጅ፣ ከሦስት የሚበልጥ ከአራት የሚያንስ አንድ እንኳ የለም። መካከሉ የት ሄደ?» አሉ።

ተናገርኩ። ክዳኖቹን፣ ወለሉን፣ ሁሉንም።

«እንግዲያ ሰሙ የአንዱ፣ ወርቁ የሌላው ሆኗል» አሉ። ዝርያ ሲሰየም ስሙ ደርቆ ለዘለቄታው ከሚቀመጥ አንድ ናሙና ጋር ይታሰራል፤ ተጠራጣሪ ሁሉ ዳኝነት የሚጠይቀው እዚያው ነው። እኛ ልናስር የነበረው የሁለት ፍጡር ቅልቅል ነበር።

ደግነቱ የመጀመሪያዎቹ ዘሮች በጠርሙስ ተቀምጠው ነበር፤ ቁጥራቸውም የተጻፈው ክዳኑ ላይ ሳይሆን በጠርሙሱ ገላ ላይ ነው። ከሁለቱም እንደገና ዲኤንኤ አወጣን። ያሞገስነው 14 ማንም የሚያውቀው የአፈር ሻጋታ ሆኖ ተገኘ። አዲሱ «የማይረባ» ብዬ ወደ ዳር የገፋሁት 17 ነበር።

የኔታ ሃምሳውንም ስፖር ከአንድ ሳህን፣ በአንድ ቀን እንድለካ አዘዙኝ። ሳህኑን ሲያቀብሉኝ ገልብጠው የታችኛውን ቁጥር ካዩ በኋላ ነው። እንደ ተማሪያቸው አንገቴን ደፍቼ መቁጠር ጀመርኩ። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ መብራት ጠፋ።