ሦስት ፊርማ ነበረበት፣ ኃላፊ ግን አልነበረውም

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለው መሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ስናቋቁም ሰብሳቢ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። መሥራች ጉባዔ ጠራን፣ መተዳደሪያ ደንብ አጸደቅን፣ ተመዘገብን፣ ማኅተም አስቀረጽን፣ የባንክ ሒሳብ ከፈትን። ይህ ሁሉ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

የጎዳን «ኮሚቴው ይወስናል» የሚለው የደንባችን ሐረግ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባዔው ነው፤ ሥራ አመራር ኮሚቴውም ቁጥጥር ኮሚቴውም ተጠሪነታቸው ለእርሱ ነው። እያንዳንዱን ብድር ማን መርምሮ በስሙ እንደሚቆምለት ግን እኛ ራሳችን መጻፍ ነበረብን። አልጻፍንም።

በሁለተኛው ዓመት የ180 ሺህ ብር ብድር ማመልከቻ መጣ። ጸሐፊው ሰነዱ ተሟልቷል ብሎ አቀረበ። ገንዘብ ያዡ ጸሐፊው አይቶታል ብሎ ፈረመ። እኔም ሁለት ፊርማ አየሁና ሦስተኛውን ጨመርኩ። ዋሱ ቀድሞ ለሁለት ሰዎች መፈረሙን ያየችው የሒሳብ ሠራተኛችን ብቻ ነበረች። ቼኩን ይዛ ቢሮዬ ድረስ መጥታ «ጋሼ፣ የዋሱ ደመወዝ ይህን አይችልም» አለችኝ። «ኮሚቴው አይቶታል» ብዬ መለስኳት። ፋይሉን እንኳ አልገለጥኩም። ይህ መልሴ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ተበዳሪው በአምስተኛው ወር ሥራ ለቀቀ፤ ክፍያውም ቆመ። ቃለ ጉባዔው «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ይላል እንጂ ማን እንዳጣራ አንድ መስመር የለውም። ቁጥጥር ኮሚቴው የት ነበር? ከእኛው ጋር ተቀምጦ እኛው ያዘጋጀነውን ሪፖርት ይፈርም ነበር። በጠቅላላ ጉባዔው ላይ ወቀሳው የወረደው በማን ላይ ነው? አስቀድማ ባስጠነቀቀችው ሴት ላይ! እኔ ጠዋቱን ሙሉ ቀላል ባቡሩ ከለገሐር ወደ ልደታ ሲያልፍ በመስኮት እያየሁ ዝም አልኩ። ተነሥቼ እውነቱን የተናገርኩት ከምሳ በኋላ ነው።

ደንቡን ልናሻሽል ስንሄድ ያገኘነው ባለሙያ «ሞዴል መተዳደሪያ ደንቡን አትንኩ፤ ከፈለጋችሁ አራተኛ ፈራሚ ጨምሩ» አለን። ከሥራ ፈቃድ እየጠየቅን ሦስት ጊዜ ተመላለስን፤ መልሱ ያው ነበር። ምክሩን አልተቀበልኩም፣ ማንም እንዲቀበለው አልመክርም። ሦስታችን ያላነበብነውን አራተኛው ለምን ያነበዋል?

በጠቅላላ ጉባዔ የጸደቀ የውስጥ መመሪያ አወጣን። በእያንዳንዱ ብድር አንድ አጣሪ ዋሱን አነጋግሮ ያገኘውን በስሙ ይጽፋል፤ በዚያ ብድር ላይ ድምፅ አይሰጥም። የተቃወመ አባል ተቃውሞው ከነምክንያቱ ይመዘገባል። ቁጥጥር ኮሚቴው እኛ በሌለንበት ይሰበሰባል፤ መዝገቡንም በቀጥታ ከሒሳብ ክፍል ይወስዳል። የሒሳብ ሠራተኛዋም ቼክ የማገድ ሥልጣን አላት። እስካሁን ሁለት አግዳለች፤ በአንደኛው ላይ የእኔ ፊርማ ነበረበት።

የዚያ ብድር ዋስ ዕዳው አሁንም በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ባለፈው ደረጃው ላይ ተገናኝተን ሰላም ካለኝ በኋላ «ብትጠይቁኝ እኮ አልደብቃችሁም ነበር» አለኝ።