እምዬ የት ደረሱ?

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ማለቂያ፣ ማታ

ውርጩ ጀምሯል። ጋቢ ደርቤ፣ እግሬን ባና ውስጥ ከትቼ ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለውን፣ አገር እየመራህ ከተማ የምትቆረቁርበትን የኮምፒውተር ጌም ስጫወት አመሸሁ። አጎቴ ለገበያ ከአንጎለላ መጥተው እኛ ጋ አድረዋል። ጌም አይወዱም፤ «የልጅ ነገር» ነው የሚሉት። ዛሬ ግን ሻያቸውን ይዘው ከጀርባዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «እኚህ ሰውዬ እምዬ አይደሉም እንዴ?» አሉ።

ናቸው። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ኢትዮጵያ የተጨመረችው በ2020 ነው፣ መሪዋም ዳግማዊ ምኒልክ። በተቃራኒ ወገን ሆነህ ስታገኛቸው በአማርኛ ያናግሩሃል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሄድፎኑን አውልቄ ቤቱን ዞሬ አይቻለሁ። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያው አንጎለላ ነው። ለአጎቴ የአገር ልጅ ናቸው።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ከተማ እየቆረቆሩ ነው ጋሼ።»

«የት?»

«ኮረብታ ላይ።»

«ታዲያ ሌላ የት ይቆረቁራሉ!»

ጌሙም የሚለው ይህንኑ ነው። ምኒልክን ይዞ የሚጫወት ሰው ከተማውን ኮረብታ ላይ ከቆረቆረ፣ ከተማዋ ከምታፈራው የእምነት ነጥብ 15 በመቶ የሚያህል የሳይንስ ነጥብ ይመረቅለታል፤ ያንኑ ያህል የባህል ነጥብም እንዲሁ። ወታደሩም ኮረብታ ላይ ሲዋጋ 4 ነጥብ ጉልበት ያገኛል። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው አንኮበርን በዓይኑ ባያይ እንኳ ካርታዋን በደንብ አይቷል። ለአጎቴ «ኮረብታ ላይ ጉልበት ይጨምራል» ስላቸው ግን ሳቁብኝ። «ዳገት ጉልበት ይጨርሳል እንጂ መቼ ይጨምራል!»

ቀጥለው፣ «አባ ዳኘውስ የታለ?» አሉ።

እዚህ ላይ መልስ አጣሁ። ጌሙ የኦሮሞ ፈረሰኛ አለው፤ ጥሩ አድርጎም ሠርቶታል። አባ ዳኘው ግን የለም። ምኒልክን ያለ ፈረስ ስማቸው መጥራት ለአንጎለላ ሰው ግማሽ ስም ነው። ለጌሙ ከ10 9 ልሰጥ ነበር፤ በፈረሱ ምክንያት 7 ይበቃዋል።

አጎቴ ወደ መኝታቸው ሲሄዱ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። የቆየ ቅሬታ ስላለኝ ነው።

ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብበን ፊልም እናይ ነበር። «አክተሩ አይሞትም» የሚባል ሕግ ነበረን፤ ማንም አይከራከርበትም። ያኔ ነው ተርሚኔተርን ያየሁት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. የ1984 ነው፤ ገዳዩ ሮቦት የሚላከው ከ2029 ነው። በጣም ፈርቼ ነበር። ትንሽ ከፍ ስል ግን ሌላ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ከወደፊት የሚመጣ ሰው ሁሉ ለምንድን ነው የእኛን ሰው የማይመስለው? ደግሞ የጠፈር ሰው ሁሉ ሰውነቱ ላይ የተጣበቀ ስስ ልብስ ነው የሚለብሰው። በደብረ ብርሃን ዓይን ይህ እብደት ነው። ጋቢ የሌለበት መንኮራኩር ውስጥ ማን ያድራል?

ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ስታር ትሬክ የሚባለው የጠፈር ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1966 ሲጀምር መርከቡ ላይ ኡሁራ የምትባል ጥቁር ሴት መኮንን ነበረች፤ ስሟም ነፃነት ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው። ብላክ ፓንተር የሚባለው ፊልምም አለ። የፊልሙ አገር ዋካንዳ ደስ ትላለች፣ ግን የሌለች አገር ናት። ሚኒባስ አይሄድባትም።

ክረምብስን በጣም ጓጉቼ ነበር ያየሁት። ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ፣ በአማርኛ የሚነገር ሳይንስ ፊክሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፣ ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ነው። ዳንኤል ታደሰ ፍርስራሽ መሀል ቆሻሻ እየለቀመ ሲዞር፣ ሰማይ ላይ አሮጌ መንኮራኩር ተንሳፍፋለች። ወድጄዋለሁ። ግን ስጨርስ ከፋኝ። በመጨረሻ የወደፊት ዘመን ውስጥ ስንገባ ዓለም ካለቀ በኋላ ይሁን?

የሚገርመው፣ እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። የምኖርበት ከተማ ስም ራሱ ሳይንስ ፊክሽን ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ቦታውን ደብረ ብርሃን ያሉት። ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ አሉ። የሚመለሰው በ2061 ነው። ያኔ በሕይወት ካለሁ ወንበር አውጥቼ ደጅ እቀመጣለሁ፤ በጋቢ።

ምኒልክስ? ስልክ ያስገቡ፣ ባቡር ያስጀመሩ፣ መኪና ሲመጣላቸው ተሳፍረው የሞከሩ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ «ሰይጣን ቤት» ብላ ስትሸሽ እሳቸው አልሸሹም። ዛሬ ቢኖሩ ከእኔ ጋር ስለ ግራፊክስ ካርድ የሚከራከሩ ይመስለኛል።

ለዚህ ነው ጌሙን የምወደው። ከጥንት ዘመን ትጀምርና እስከ ጠፈር ያደርስሃል። ጌሙ ላይ ኋላ በተጨመረው ማስፋፊያ በሳይንስ ለማሸነፍ መጀመሪያ ሳተላይት ታመጥቃለህ፣ ከዚያ ጨረቃ፣ ከዚያ ማርስ፣ በመጨረሻ ሌላ ፀሐይ ወደምትዞር ፕላኔት መንኮራኩር ትልካለህ። የእውነቷ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና አመጠቀች፤ ምኒልክ እኔ ቤት ትንሽ ቀድመዋታል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። መንኮራኩር የሚመጥቅበት ስፔስፖርት ኮረብታ ላይ አይሠራም፣ ሜዳ ይፈልጋል። ያን ሁሉ ዳገት ስወጣ ኖሬ መጨረሻ ላይ ሜዳ ፍለጋ! አንዷን ከተማ ስሟን ቀይሬ ደብረ ብርሃን አልኳትና ከጎኗ ባለው ሜዳ ላይ ሠራሁት። እውነተኛዋም ሜዳ ናት፣ ማንም አይከሰኝም።

መንኮራኩሯን ዛሬ ማታ ላክኋት። መንገዱ 50 የብርሃን ዓመት ነው። ካላፋጠንካት በአንድ ተራ አንድ የብርሃን ዓመት ነው የምትጓዘው። 19ኛው ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ጌሙ ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ አልደነገጥኩም፤ ይህንንም በስልኬ ባትሪ ነው የምጽፈው።

ማግስቱ

መብራት አልመጣም። አጎቴ ጠዋት የመንኮራኩሯን ነገር ስነግራቸው ምንም ሳይሉ ቁርሳቸውን በልተው ሄዱ። አልሰሙኝም ብዬ ነበር።

አሁን ከአንጎለላ ደወሉ። ስለ ገብሱ አወሩኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። ሊዘጉ ሲሉ፣

«እኔ የምለው፣ እምዬ የት ደረሱ?»

«31 ቀርቷቸዋል ጋሼ።»

«ዳገት ነው?»

«አይ፣ ሜዳ ነው።»

«እንግዲያው ይደርሳሉ» ብለው ዘጉት።