የልጄ ብሩሽ ሽምብጥ ሲደርስ

ሜሪላንድ እኔ ሌሊት እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ቀን። ልጆቹን የምንቀባበለው በር ላይ ነው። ሴቷ 4 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ገና ዓመት ከመንፈቅ። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የጥርስ ብሩሽ ለልጄ የገዛሁላት በዚያ ሩጫ መሃል ነው። 2 ደቂቃ ሲሞላ ራሱ ይነግራታል፤ እኔ እስከዚያ የእሷን ምሳ እቋጥራለሁ፣ የወንድሟን ዳይፐር እቀይራለሁ። አብዛኞቹ አምራቾች ከ3 ዓመት ጀምሮ ይሆናል ስለሚሉ ዕድሜዋም ደርሷል ብዬ ነበር።

ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ ሐኪሟ ሁለት የኋላ መንጋጋዎቿ መበላት እንደጀመሩ ነገረችኝ። ደነገጥኩ። «ጠዋትም ማታም ትቦርሻለች እኮ» አልኳት። «ማን ነው የሚቦርሽላት?» አለችኝ። «ራሷ ናታ» አልኩ። «7 ወይም 8 ዓመት እስኪሞላት እጇ ገና አይታዘዛትም፤ መቦረሽ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ጥርሷን ለማስሞላት ከጉዞ መልስ ቀጠሮ ተያዘልንና ለጥምቀት ወደ ባሕር ዳር ሄድን።

ሽምብጥ ሰፈር ያለው እናቴ ቤት በገባን በመጀመሪያው ማታ የብሩሹን ቻርጀር ሶኬት ላይ ሰካሁት። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮቻችን ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚችሉ ይሄኛውን ገልብጬ አላየሁትም ነበር። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ የኛ አገር 220። ከልጆች ጋር ወደ አገር ቤት የምትሄዱ፣ እባካችሁ ከቻርጀሩ ጀርባ የተጻፈውን አንብቡ። ልጄ አለቀሰች። እማዬ «አይዞሽ የኔ እናት፣ ለጥርስ መብራት አያስፈልግም» እያለች አቅፋ አስተኛቻት።

በማግስቱ ሰፈር ካለው ሱቅ አናቱ ትንሽ፣ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ የልጅ ብሩሽ ገዛሁ። ለልጅ ተራውን ብሩሽ ስትመርጡ ዋናው እሱ ነው፤ አናቱ ትልቅ ከሆነ የኋላው መንጋጋ ጋ አይገባም፣ ፀጉሩ ከጠነከረ ድድ ያቆስላል።

ጠዋት እማዬ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ልጄን ጉልበቷ መሃል አስገብታ ሹሩባ ትሠራላታለች። በአፏ የወይራ መፋቂያዋን ይዛለች። ፀጉሯን ስትጨርስ «እስቲ ጥርስሽንም» አለቻትና ልጅቷን ከነተቀመጠችበት ወደ ኋላ አጋድማ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አሳረፈችው። በአንድ እጇ አገጯን ያዘች፣ በአውራ ጣቷ ከንፈሯን ገለጥ አደረገች። በጠዋቱ ብርሃን የአፏ ውስጥ እስከ መጨረሻው ወለል ብሎ ታየ። ብሩሹን ተቀብላኝ አንድ አንዱን ጥርስ ቀስ እያለች ታዞርበት ጀመር፤ ውጩን፣ ውስጡን፣ የሚታኘክበትን። ልጄ ዝም ብላ ሰማይ ታያለች። ከኋላ ስትደርስ እጇን አቆመች። «ልጄ፣ ይቺ ጥቁር ነገር ምንድን ናት? አይተሃታል?»

አላየኋትም ነበር። ሐኪሟ የነገረችኝን ይዤ ነበር እንጂ የልጄን አፍ ከፍቼ አላየሁም። እዚያ በረንዳ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ስድስት ወር ሙሉ ጥርሷን ለማሽን ሰጥቼ ምሳ ስቋጥር ኖሬያለሁ። እሷ ደግሞ ብሩሹን ፊት ለፊት ባሉት ጥርሶች ላይ ይዛ 2 ደቂቃው እስኪያልቅ ትጠብቃለች።

ለቡና የመጡ ጎረቤቶች «የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወልቅ የለም እንዴ» አሉን። ይወልቃል። ግን ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች መንጋጋዎቹ የሚወልቁት ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ገና ስንት ዓመት ልትበላባቸው ነው!

አጎቴ ደግሞ የጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ፈራ። ወንጂ ስለኖረ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆችን አይቷል፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይዱ ከልክ በላይ ስለሆነ ነው። ስጋቱ እውነት ነው፣ ለዚህም ነው መጠኑ የሚለካው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች። ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር መሙላት ማስታወቂያ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ልጁ እንዲተፋ ማስተማር፣ እንዳይውጥ አጠገቡ መቆም።

ከተመለስን በኋላ ስለ ብሩሾቹ ብዙ አነበብኩ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ከ3 ወር በላይ ሲጠቀሙበት የኤሌክትሪኩ ብሩሽ ጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ ከተራው ይልቅ 21 በመቶ፣ የድድ መቆጣትን 11 በመቶ እንደሚቀንስ ጽፏል። ስለዚህ የኤሌክትሪኩን አልጣልኩትም፣ አዲስ ቻርጀር ገዛሁለት። አሁን የምይዘው ግን እኔ ነኝ። እንደ ተራው አልፈትግበትም፤ እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ለአፍታ አሳርፌ ወደሚቀጥለው አሻግረዋለሁ። ትንሹ ልጅ ንዝረቱን ስለሚፈራ በተራው ብሩሽ ነው፣ አላስገድደውም። ለጉዞም ተራውን ነው የምይዘው።

ሌሊት ሥራ ከመውጣቴ በፊት ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ፣ ልጄም መጥታ ጉልበቴ መሃል ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥና ራሷ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ትጥላለች። መንጋጋዎቿ ተሞልተዋል። ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስንደውል እማዬ «አፏን ወደ ብርሃኑ አዙርልኝ» አለችኝ። ስልኩን አስጠጋሁላት። «ከፍ አድርገው፣ አልታየኝም» አለች። ከፍ አደረግኩት።